ኳስ የማይነካው ሰውዬ

ኮንሰርት ላይ መድረኩን ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ድምፅ የማያወጣው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መሪው። ቫዮሊኑም፣ ትራምፔቱም፣ ከበሮውም በሌሎች እጅ ነው። እሱ የያዘው አንዲት ቀጭን ዘንግ ናት፤ እሷንም ትተው በባዶ እጃቸው የሚመሩ አሉ። የእግር ኳስ አሰልጣኝም ያው ነው። 90 ደቂቃ መስመር ዳር ቆሞ፣ ኳስ ሳይነካ፣ ወይ ይመሰገናል ወይ ይባረራል።

ይሄን ማሰብ የጀመርኩት ባለፈው ወር «የአምስት ዲቨሎፐሮች ቲም ሊድ ሁን» ስባል ነው። ደመወዙ ይጨምራል፤ ኮድ የምጽፍበት ሰዓት ግን በግማሽ ይቀንሳል። ታዲያ ምን አሳሰበህ የሚለኝ ብዙ ነው። እኔ ግን ሥራዬን የምወደው እኩለ ሌሊት ላይ፣ እምቢ ሲል የዋለ ፕሮግራም በራሴ እጅ ሲነሣልኝ ነው። ያንን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ዳር መቆም እንዴት ይቻላል?

ማንቼ ስለሆንኩ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ፈርጉሰን ነው (አርሴዎች ታገሡኝ)። ሰውዬው ከአሰልጣኝነቱ በፊት ጎል የሚያገባ አጥቂ ነበር። በአንድ ወቅት አንድሪያ ቦቼሊ ሲዘፍን ለማየት ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት ክላሲካል ኮንሰርት ገብቶ አያውቅም። ዓይኑ ግን ኦርኬስትራው ላይ ቀረ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ሲያቆም ያለውን መናበብ አይቶ፣ ፍጹም ቡድን ማለት እንዲህ ነው ብሎ ለተጫዋቾቹ ነገራቸው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ የአበርዲኑ ታሪክ ነው። ፈርጉሰን ያኔ ልምምዱን ሁሉ ራሱ ይመራ ነበር። አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ ረዳቱ፣ ምንም ለማልሠራው ለምን አመጣኸኝ ዓይነት ነገር ይለዋል። መልቀቁ ከብዶት ነበር፤ ግን ለቀቀ። ዳር ቆሞ ማየት ሲጀምር፣ መሃል ሆኖ የማያየው ነገር መታየት ጀመረ፦ የአንዱ ልማድ ሲቀየር፣ የሌላው ስሜት ድንገት ሲቀዘቅዝ።

የኦርኬስትራ መሪ እጅ ከድምፁ ይቀድማል። ሙዚቃው ሊጀመር ሲል እጁን ከፍ ያደርጋል፤ ፍጥነቱም ጉልበቱም እዚያች እንቅስቃሴ ውስጥ አለ፣ ነፊዎቹም አብረውት ይተነፍሳሉ። ድምፁ ከወጣ በኋላ ላርም ቢል ረፍዷል። አሰልጣኝም በ70 ሺህ ሰው ጩኸት መሃል «አቀብል!» ሲል ኳሷ ሄዳለች። ስለዚህ የሁለቱም ሥራ በአብዛኛው የሚያልቀው ልምምድ ላይ ነው።

ልዩነት የለም አልልም። ኦርኬስትራው ፊት ኖታው ተዘርግቷል፤ ሜዳ ላይ ግን ኖታህን ሊቀድድ የመጣ ሌላ 11 ሰው አለ። ክሎፕ በ2013 እ.ኤ.አ. የቬንገርን ጨዋታ በኦርኬስትራ መስሎ፣ እኔ ግን ሄቪ ሜታል ይሻለኛል ማለቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሶፍትዌር በዚህ በኩል ወደ ኳሱ ያደላል፤ የኛን ኖታ የሚቀድደው ግን ደንበኛው ነው፣ ያውም እየከፈለን።

መሪ ባይኖርስ? ሞስኮ ውስጥ በ1922 እ.ኤ.አ. ፐርሲምፋንስ የሚባል መሪ አልባ ኦርኬስትራ ተቋቁሞ አሥር ዓመት ያህል ቆይቷል። ለመተያየት ሲሉ ክብ ሠርተው ይቀመጡ ነበር፤ አንዳንዱ ጀርባውን ለታዳሚ ሰጥቶ። የኒውዮርኩ ኦርፊየስ ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ያለ መሪ ይጫወታል፤ የመምራቱ ኃላፊነት ከአንዱ ሙዚቀኛ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ።

ለአለቃዬ እሺ ብያለሁ፣ በሁለት ነገር፦ ረቡዕ ረቡዕ ኮድ እጽፋለሁ፤ የቲሙን ሳምንታዊ ስብሰባ ደግሞ ሁሉም በየተራ ይመራል። የመጀመሪያው ተራ የደረሳት በዕድሜ ከሁላችን የምታንሰው ልጅ ናት፤ ስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። ትናንት ማታ «ምን ምን ላንሣ?» ብላ ጻፈችልኝ። አጀንዳውን በዝርዝር ጽፌ ልልክላት ስል አጠፋሁት፣ ከዚያ «አንቺ ምን ይታይሻል?» አልኳት። እስካሁን «እየጻፈች ነው» ይላል።