ቁርስ በአውሮፓ፣ ምሳ በአፍሪካ

አንድ ሰው ቁርሱን በአውሮፓ፣ ምሳውን በአፍሪካ፣ እራቱን ተመልሶ በአውሮፓ ሊበላ ይችላል? አዎን፣ ይችላል። እኔና ባለቤቴ እንዲህ ያለ ቀን አሳልፈናል። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

የምንኖረው በጀርመን አገር ነው። ብዙ ዓመት ስለኖርን የዚያው አገር ዜጎች ሆነናል። በሐምሌ ወር ለዕረፍት ወደ ስፔን ሄድን። ታሪፋ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አደርን። የአውሮፓ የብስ በደቡብ በኩል የሚያበቃው እዚያ ነው። ማታ ባሕሩ ዳር ቆመን ማዶ ስናይ ተራራ ታየን።

«ያ ተራራ የማን አገር ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«አፍሪካ ነዋ» አልኳት።

ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ «እንግዲያው ነገ እንሻገር» አለች።

በሁለቱ ክፍለ ዓለማት መካከል ያለው ባሕር የጅብራልታር ወሽመጥ ይባላል። ወሽመጥ ማለት በሁለት የብስ መካከል የሚያልፍ ጠባብ ባሕር ነው። ይህ ባሕር በጣም በጠበበበት ቦታ ስፋቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የብስ ቢሆን ኖሮ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነበር። ገበያ የሚሄድ ገበሬ ከዚህ የበለጠ ይጓዛል።

ጧት መርከብ ተሳፈርን። የሞሮኮ ፖሊስ እዚያው መርከቡ ላይ ተቀምጦ የመንገደኛውን ፓስፖርት ያያል። የእኛንም አየና ማኅተም መታበት። አንዲት ቃል እንኳ አልጠየቀንም። አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ታንጂር ደረስን።

ታንጂር የሞሮኮ የወደብ ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ በኮረብታ ላይ ነው፤ በግንብ የታጠረ ነው። ቤቶቹ ነጫጭ፣ መንገዶቹ ጠባብና አቀበት ናቸው። ታላቁ መንገደኛ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1304 የተወለደው እዚህ ነው። በ21 ዓመቱ ለሐጅ ከቤቱ ወጣ። ወደ 30 ዓመት ገደማ ብዙ አገር ዞረ። የእኛን ጎረቤት ዘይላንም አይቷል።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ገበያ ቆሟል። የገጠር ሴቶች ከተራራው ወርደው አትክልት ይሸጣሉ። ቀይና ነጭ መስመር ያለው ጨርቅ አገልድመዋል፤ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ደፍተዋል። ዓይብም በዘንባባ ቅጠል ይዘው ይሸጣሉ።

«እንዴ! ይህማ የእኛ ገበያ ነው» አለች ባለቤቴ። «ቅጠሉ ብቻ ተለየ እንጂ። እናቴ በኮባ ነበር የምትጠቀልለው።»

ባለቤቴ በወጣትነቷ ቤይሩት ሠርታለች፤ ዐረብኛ ትችላለች። የሞሮኮ ዐረብኛ ለየት ቢልም ተከራክራ ዓይቡን ገዛች። ዳቦም ገዛን። በዚያ ከተማ በየሰፈሩ የጋራ ምድጃ አለ። ሰው ሊጡን እቤቱ አቡክቶ ወደ ምድጃው ይልካል። ጋጋሪው የማን ዳቦ የማን እንደሆነ ለይቶ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ መርከቡ እንዳያመልጠን ተቻኮልን። ለካ በዚያ ወር የስፔን ሰዓት ከሞሮኮ በአንድ ሰዓት ይቀድማል! እኛ ሰዓታችንን አላስተካከልንም ነበር። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተረፈንና አሮጌ መድፎች ከቆሙበት አደባባይ ሄደን ተቀመጥን። ሕዝቡ ቦታውን «የሰነፎች ግንብ» ይለዋል። ሰማዩ ሲጠራ ስፔን ከዚያ ይታያል። ብዙ ወጣቶች ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ።

አንድ ልጅ እግር ጠጋ አለን። «ኻልቲ፣ ከየት መጣችሁ?» አለ። ኻልቲ ማለት አክስቴ ማለት ነው።

«ከማዶ። ዛሬ ጧት ነው የመጣነው» አለችው።

«መቼ ትመለሳላችሁ?»

«አሁን፣ ማታ።»

ልጁ ሣቀ። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አየዋለሁ። አንድ ቀንም አልረገጥኩትም» አለ። ከዚያ የወንድሙን ነገር አነሣ። ወንድሙ በሌሊት በጎማ ጀልባ ተሻግሯል አለን።

«ደረሰ ወይ?» አለችው።

«እስካሁን አልደወለም።»

ባለቤቴ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችው፤ ለራሷም ቆረሰች። የወንድሙን ስም ጠየቀችው። ነገራት።

እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ የሞሮኮ ሰው ያለ ቪዛ ስፔን ይገባ ነበር። ቪዛ ማለት የመግቢያ ፈቃድ ነው። በዚያ ዓመት ስፔን ቪዛ ጠየቀች። ፈቃድ ያጣው ሰው በትንንሽ ጀልባ በድብቅ መሻገሩን ቀጠለ። ወደ ስፔን ሲሻገሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በባሕር አልቀዋል። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡም አሉባቸው። ባሕሩ ለሁሉም ያው ባሕር ነው። እኛን በሰላም ያሻገረን ግን በኪሳችን የነበረው ወረቀት ነው።

ማታ ታሪፋ ገባን። እራት ቀረበ፤ ባለቤቴ አልበላችም። በማግሥቱ ጧት ወደ ከተማው መቃብር ሄድን። ባሕሩ የመለሳቸው፣ ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች እዚያ ተቀብረዋል። የልጁ ወንድም ይኑር፣ ይሙት አናውቅም። ባለቤቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች፤ በስሙ ጠርታ፣ «በሕይወት ያቆይህ» አለች።

ጥያቄዎች፦
1. ባልና ሚስቱ ለምን አንድ ሰዓት ተረፋቸው?
2. የታንጂር ገበያ የእናንተን ገበያ በምን ይመስላል?
3. ልጁ የሚያየውን አገር ያልረገጠው ለምንድን ነው? ተወያዩበት።