ተፎካካሪም አጋርም፤ ከአንድ የሮቦት ቡድን የተገኘ ትምህርት

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ስለ መንግሥት፣ ስለ ፓርቲና ስለ ምርጫ ቢጽፍ የሚገርመው ሰው የለም። ስለ ሮቦት ሲጽፍ ግን «ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም አጭር ነው። ሰዎች እየተፎካከሩ አብረው እንዴት ሊሠሩ እንደሚችሉ በመጀመሪያ የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባሁበት የሮቦት ቡድን ነው።

ሜሪላንድ የደረስኩት በ2013 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛዬ ስላልጠና በክፍል ውስጥ አፌን አልከፍትም ነበር። አንድ የፊዚክስ መምህር ግን የተላቀቀ ወንበር በካቻቢቴ ሳጠብቅ አይቶኝ ኖሮ፣ ከትምህርት በኋላ ወደ ቡድኑ ጋበዘኝ። አጎቴ ሱማሌ ተራ ጋራዥ ስለ ነበረው ቡሎኑንም ዳዶውንም እጄ አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ የእንግሊዝኛ ስማቸውን የተማርኩት ኋላ ነው። እናቴ በበኩሏ ከሌሊት ሥራዋ ስትመለስ፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ያመጣሁህ አሻንጉሊት እንድትገጣጥም ነው እንዴ?» እያለች የፈቃዱን ወረቀት ሳትፈርም ሳምንት አቆየችው።

ነገሩ አሻንጉሊት አልነበረም። ውድድሩን የሚያዘጋጀው «ፈርስት» የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ የመሠረተው ዲን ኬመን የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ነው፤ ዘመኑም 1989 ነው። የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሸር፣ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ፣ በ28 ቡድኖች መካከል ተካሄደ። በየዓመቱ በጃንዋሪ አዲስ ጨዋታ ይታወጃል። በእኛ ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ሮቦቱ በከረጢት ይታሸጋል፤ ይህ ደንብ የቀረው በ2020 ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ እስከ 120 ፓውንድ፣ ማለትም 54 ኪሎ ያህል የሚመዝን ማሽን ከባዶ ተነሥቶ መሥራት ለጎረምሶች ቀላል ሥራ አልነበረም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከማሽኑ ይልቅ በደንቡ ላይ ይገኛል። ግጥሚያው ሦስት ቡድን ለሦስት ቡድን ነው። በማጣሪያው ወቅት አጋሩን የሚመርጥ የለም፤ የሚደለድለው ዕጣ ነው። ስለዚህ ጠዋት የተጋጠሙት ቡድን ከቀትር በኋላ አጋር ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ሲያበቃ ስምንት መሪ ቡድኖች አጋሮቻቸውን በአደባባይ ይጠራሉ፤ ጥሪውን እምቢ ያለ ቡድን በሌላ ሊጠራ አይችልም። የ2014 ጨዋታ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄድ ነበር። ትልቁን ኳስ ብቻውን ይዞ በላይኛው ግብ ያስገባ ሮቦት 10 ነጥብ ያገኛል። ሁለት ሮቦቶች ተቀባብለውት ከገባ ሌላ 10፣ ሦስቱም ከተቀባበሉት ሌላ 30 ይጨመራል። ብቻውን የሚሮጥ ጀግና በዚያ ሜዳ አያዋጣም ማለት ነው።

ቋንቋው ስላልሆነልኝ የተሰጠኝ ሥራ የሌሎችን ግጥሚያ እየተመለከትኩ መመዝገብ ነበር፤ ቁጥር አስተርጓሚ አይሻም። ሁለት ቀን ሙሉ ስመዘግብ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ተመልካች የሚያጨበጭብለት ፈጣኑ ሮቦት ቢሆንም፣ ከማንም ጋር ቢደለደል የአጋሮቹን ነጥብ ከፍ የሚያደርገው ግን ኳስ አቀባዩ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የሮቦታችን ሰንሰለት ተበጠሰ፤ መለዋወጫም አልነበረንም። የቡድናችን አለቃ እኔን ላከችኝ፤ የላከችኝም ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደምንገጥመው ቡድን ነው። የተበጠሰውን ሰንሰለት በእጄ ይዤ ከማሳየት በቀር ንግግር አልነበረኝም። አንዲት ልጅ ሰንሰለቱን ብቻ ሳይሆን መፍቻውንም ይዛ መጥታ፣ ከእኛ ጋር ተንበርክካ ገጠመችልን። በዚያው ሰንሰለት አሸነፍናቸው። የኋላ ኋላ አለቃችን አጋር የመጥራት ተራ ሲደርሳት በመጀመሪያ የጠራችው የእነርሱን ቁጥር ነበር። በሩብ ፍጻሜው አብረን ተሸነፍን።

የኤም.አይ.ቲ. መምህር የነበሩትና በ2019 ያረፉት ፕሮፌሰር ዉዲ ፍላወርስ ይህን ጠባይ «ጨዋነት የተላበሰ ሙያ» በሚል ትርጉም በሚገለጽ ስም ይጠሩት ነበር። ይሁንና ጉዳዩ የግለሰብ ጨዋነት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሮበርት አክስልሮድ በ1984 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ነገ ተመልሰው የሚገናኙ መሆናቸውን የሚያውቁ ባላንጣዎች መተባበርን ይማራሉ። ልጅቷ ደግ ነበረች፤ ደግነቷን የሚያስከፍላት ሳይሆን የሚያተርፋት ያደረገው ግን ደንቡ ነው።

ይህን ስል ውድድሩን እያሞገስኩ አይደለም። የአውሮፕላንና የጦር መሣሪያ ኩባንያዎች ገንዘብ ያለበት ነው። ሜዳው ለሁሉም አንድ ቢሆንም፣ የሀብታሙ ትምህርት ቤት አውደ ጥናትና የድኃው ትምህርት ቤት ጓዳ አንድ አይደሉም። የሕግ እኩልነት የመነሻ እኩልነትን አይተካም። ቢሆንም ከማንም እጅ ቢሆን መልካም ደንብ መማር ነውር የለበትም።

በስደት ወደምንኖርበት ኑሮ ስንመለስ ምን እናያለን? ከዓመታት በኋላ በአንድ ከተማ የወገኖቻችን ማኅበር አባል ሆንኩ። ምርጫ ተደረገ፤ አሸናፊው ወገን ወንበሩን ሁሉ ያዘ፤ ተሸናፊው ወጥቶ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ማኅበር አቋቋመ። ዛሬ ሁለት ኪራይ ይከፈላል፤ ሁለቱም አዳራሾች ግማሽ ባዶ ናቸው። የሰዎቹን ክፋት ስንዘረዝር እናመሻለን፤ የደንቡን ጉድለት ግን የሚጠይቅ የለም። የተሸነፈ ወገን ነገ የሚፈለግበት ቦታ በደንቡ ውስጥ ከሌለ፣ ለምን ይቆያል?

ስለዚህ ለአንባቢ የማቀርበው ስብከት ሳይሆን ሐሳብ ነው። የሥራ ኮሚቴዎች አባላት በወገን ሳይሆን በዕጣ ይደልደሉ፤ የሒሳብ ቁጥጥሩ በምርጫው ለተሸነፈው ወገን ይሰጥ፤ ከሌላው ወገን ጋር ተባብሮ የተሠራ ሥራ በሪፖርት ላይ በስሙ ይመዝገብ። ይህ ሲሆን ፍቅር ባይኖረን እንኳ ሰንሰለት እንዋዋሳለን። ማኅበር ለማቆም ለጊዜው ይህ ይበቃል።