በግ ቦምብ

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ከሥራ ሲወጣ ደወለልኝ። ሰላምታው አጠረ፤ ድምፁም ዝቅ አለ። ስለ ወረቀት ጉዳይ ወይም ስለ ብድር ሊያማክረኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «ስማ፣ ያ የሚፈነዳው የበረሮ ነገር… ለሁለት መኝታ ቤት ስንት ይበቃል?» አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ አንድ መደብር ውስጥ ቆሜ ነበር። የምጠይቀው ሰው አላጣሁም ነበር፤ አፍሬ ነው ያልጠየቅሁት።

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አሮጌ የሸክላ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። እናቴ ለአራስ ጥሪ ከአገር ቤት ልትመጣ ቲኬት ተቆርጦላታል። አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ የኩሽናውን መብራት ሳበራ፣ ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ሥር አምስት ስድስት ነገሮች በየአቅጣጫው ተበተኑ። ትንንሽ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ከራሳቸው ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር ያላቸው። መብራቱን አጥፍቼ እንደገና አበራሁት። የማየው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስለኛል።

በረሮ ገመና ነው። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በስልክ ለዘመድ ሁሉ እንናገራለን፤ ሥራ ስናጣ እንኳ ለቅርብ ሰው እናዋያለን። «ቤታችን በረሮ ገባ» የሚል ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔና ባለቤቴ ብዙም ሳንነጋገር ተስማማን። እንግዳ አንጠራም፤ ለሕንፃው ቢሮም አንናገርም፤ «ምግብ ስለምታበዙ ነው» ይሉናል ብለን ፈርተናል። እናቴ ከመድረሷ በፊት ግን መጥፋት አለበት።

መደብሩ ውስጥ ሦስት ጣሳ በአንድ ካርቶን ታሽጎ፣ ከአንድ ምሳ በማይበልጥ ዋጋ ይሸጣል። ካርቶኑ ላይ በጀርባው የተንጋለለ በረሮ ተሥሏል። ከጎኑ ጥቃቅን የጄል መርፌዎች ነበሩ፤ ዋጋቸው ተመሳሳይ ነው። እነሱን ዞር ብዬም አላየኋቸውም። ጣሳውን የመረጥኩት ስለሚጨስ ነው። ያደግሁት ጢስ በሚታመንበት ቤት ነው። የወተቱ ዕቃ በወይራ ይታጠናል፣ የጠላው ጋን ይታጠናል፣ አራሷም ትታጠናለች፣ እንግዳ ሲመጣ ዕጣን ይጨሳል። ቤት ጢስ ከሞላ ጸድቷል ማለት ነው። ፍሊት የሚነፋ ሰው እንኳ ክፍሉ ደመና እስኪመስል ካልነፋ ያልነፋ ይመስለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት መሶቡን በአንሶላ ሸፈንኩ፣ የሊጡን ባልዲ ከደንኩ፣ ባለቤቴና የአራት ዓመት ልጃችን መኪና ውስጥ ገቡ። መመሪያው አንድ ጣሳ ለስንት ክፍል እንደሚበቃ ይናገራል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ብቻ አንብቤ፣ ሦስቱንም አፈነዳኋቸው፤ አንዱን ኩሽና፣ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ኮሪደር። በሩን ዘግቼ ሮጥኩ። የጋዝ ምድጃዋን ትንሿን ነበልባል አላጠፋሁም ነበር። ጣሳው ውስጥ መርዙን የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግድግዳቸው የተሰነጠቀ፣ መስኮታቸው የረገፈ ቤቶች እንዳሉ ያነበብኩት ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተን ተመለስን። መስኮቶቹን ከፈትኩ፤ ብርድ ስለነበር ግን ብዙም ሳይቆይ ዘጋኋቸው። ወለሉ ለእግር ተጣባቂ ሆኗል። በረሮዎቹን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። አሥራ አንዱንም ጠርጌ ስጥል ጦርነት ያሸነፈ ሰው ነበር የምመስለው።

ሌሊት ልጃችን ትስል ጀመር። አስም አለባት፤ ስለዚህ ሳሉን አውቀዋለሁ። ይህ ግን የተለየ ነበር፤ ደረቷ እንደ ፉጨት ይጮኻል። ፓምፑን ሰጠናት። ባለቤቴ አንድም ቃል ሳትናገር ጣሳውን ከቆሻሻው አውጥታ ጀርባው ላይ ወደተጻፈው የመርዝ መረጃ ማዕከል ደወለች። የመለሰችልን ሴት ድምፅ የተረጋጋ ነበር። ስንት ጣሳ? ቤቱ ምን ያህል ነው? መስኮቱ ለስንት ሰዓት ተከፈተ? እያንዳንዱን መልስ ባለቤቴ ወደ እኔ እያየች ተናገረች። ልጅቷን ወደ ንጹሕ አየር አውጧት፣ ፓምፑን ሐኪም ባዘዘው መሠረት ስጧት፣ ካልተሻላት ቶሎ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት አለችን። መኪናው ውስጥ መስኮቱን ከፍተን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለናት ተቀመጥን። ሊነጋ ሲል ትንፋሿ ረገብ አለ። «በረሮው ይሻለን ነበር» አለች ባለቤቴ። ሌላ አልተናገረችም።

እሑድን ሙሉ ስናጥብ ዋልን። ሳህኑ፣ መደርደሪያው፣ የልጅቷ አሻንጉሊቶች። መሶቡ ግን ስፌት ነው፤ በሳሙና አይታጠብም። አንሶላው ለምን ያህል እንደጋረደለትም ማወቅ አልቻልንም። የባለቤቴ እናት ለሠርጋችን የሰጡት ነበር። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አቆምኩትና ተመለስኩ።

ማታ ከታች የምትኖረው የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ በራችንን አንኳኳች። ሽታው በቧንቧው ቀዳዳ በኩል ቤቷ ገብቷል። ሕፃን ልጅ አላት። «ብትነግረኝ እኮ ልጄን ይዤ እወጣ ነበር» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ምን እንደነፋሁ ስትጠይቀኝ ግን «ለጉንዳን ነው» አልኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በረሮዎቹ ተመለሱ። የአሁኖቹ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ገና የተፈለፈሉ ነበሩ።

ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ከንዴት የተነሣ። የኛ እንግዳ ዓለም ሁሉ የጀርመን በረሮ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 ሊኔየስ ስሙን ጀርመን አለው እንጂ፣ ሩሲያውያን የፕሩሲያ ነው ይሉታል፣ ጀርመኖችም በፊናቸው የሩሲያ ነው ይሉት ነበር። በ2024 የወጣ የዘር ምርመራ ደግሞ ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ በረሮ ተከፍሎ ከሰው ቤት ጋር የተላመደ መሆኑን አሳይቷል። ሁሉም ለጎረቤቱ ሲሰጠው ኖሯል ማለት ነው።

ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ጅራቷ ላይ ይዛ ትዞራለች፤ የምትጥለውም ሊፈለፈል ሲል ነው። ከረጢቱን ጢሱ አይጎዳውም። ዋናው ነገር ግን የጢሱ አካሄድ ነው። ከጣሳው የሚወጣው ጉም ወደ ላይ ይነሣና መልሶ ይወርዳል፤ የሚያርፈውም ጠረጴዛው፣ መደርደሪያውና ወለሉ ላይ ነው። እኛ የምንበላበትና ልጆች የሚድሁበት ማለት ነው። በረሮው ግን ቀኑን የሚውለው ከካቢኔቱ ማጠፊያ ኋላ፣ ከፍሪጁ ሞተር ሥር፣ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጉሙ እዚያ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሰው ቤት ሞክረውት ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች በሚኖሩባቸው አፓርታማዎች 20 ቤት ውስጥ አራት ዓይነት ጣሳ አፈነዱ፤ በ10 ቤት ውስጥ ደግሞ ጄል አደረጉ። ጣሳው በተፈነዳባቸው ቤቶች የበረሮው ቁጥር አልቀነሰም። ጄል በተደረገባቸው ግን በግልጽ ወረደ። በኩሽናዎቹ ጠፍጣፋ ቦታዎች ላይ የተገኘው የመርዝ ቅሪት ደግሞ ከፍንዳታው በፊት ከነበረው በአማካይ 603 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩን ሳነብ መሶቡ ትዝ አለኝ።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣቸው ሁለት ዘገባዎች ደግሞ ራሴን አገኘሁት። ከ2001 እስከ 2006 በስምንት ክፍላተ ሀገር 466 ሰዎች፣ ከ2007 እስከ 2015 በአሥር ክፍላተ ሀገር 3,222 ሰዎች በእነዚህ ጣሳዎች ታመዋል ወይም ተጎድተዋል። አብዛኞቹ ቀላል ሕመም ነው የያዛቸው። ምክንያቶቹ ተዘርዝረዋል፤ ከሚገባው በላይ ጣሳ ማፈንዳት፣ ቶሎ መመለስ፣ በደንብ አለማናፈስ፣ ለጎረቤት አለመናገር። አንድም የቀረኝ የለም።

በረሮውን እንደነበረ መተውም መልስ አልነበረም። ኩሱና የሚጥለው ቆዳው ራሱ አስም ይቀሰቅሳል። በ1997 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በአሜሪካ ከተሞች ለበረሮ አለርጂ ያላቸውና ቤታቸው ውስጥ ብዙ በረሮ ያለባቸው አስመኛ ሕፃናት ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆስፒታል ይተኙ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ልጄን በረሮውም ይጎዳታል፣ እኔም ጎድቻታለሁ።

በዚህ መሐል እናቴ ደወለች። ስልኩን ልጅቷ ቀድማ አነሣችው። እንግሊዝኛውንና አማርኛውን እየቀላቀለች «አያቴ፣ አባዬ በግ ቦምብ አፈነዳ» አለቻት። እናቴ ትንሽ ዝም አለች። «የምን በግ?» አለች ቀጥላ፤ «ለፋሲካ ነው?» ስልኩን ተቀብዬ ላስተካክል ሞከርኩ። በግ ማለት በእንግሊዝኛ ነፍሳት ነው ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ከዚያ ምን ነፍሳት እንደሆነ፣ ከዚያ ለምን እንደሆነ። ሁሉንም ነገርኳት። «ታዲያ በረሮ እዚህስ መች ጠፋ?» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ድምፅህ ሲጠፋ ምን ሆነው ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

ስትመጣ ስለ ዲዲቲ አወራን። ዝዋይ ሳለን የወባ ሠራተኞች ፓምፕ ተሸክመው ሲመጡ ዕቃችንን ሁሉ አውጥተን ደጅ እንቆም ነበር። «ያኔ ተነፍቶ ወባውን ይገታው አልነበር? ይኼ ምን ነካው?» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ቤቱን ጢስ አይሞሉትም ነበር፤ ግድግዳውን ነበር የሚቀቡት። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ መድኃኒቱ የሚጠብቃት እዚያ ነው። የምታርፍበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነገር ነው። ይህን ስነግራት «እንግዲያው የናንተም በረሮ የሚያርፍበትን ፈልጋ» አለችኝ።

ፈለግን። ፍሪጁን አንቀሳቅሰን ኋላውን በቫኪዩም ሳብን። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አሠራን፤ ውሃ ከሌለ ብዙ አይቆዩም። ስንጥቁን ደፈንን። ጄሉን በምስር ፍሬ ልክ ከማጠፊያዎቹ ኋላና ከሲንኩ ሥር፣ የልጅ እጅ በማይደርስበት ጠብ ጠብ አደረግሁ። ጄል ባለበት ቦታ ፍሊት አይነፋም፤ ሽታው ያባርራቸዋል። በረሮው ጄሉን በልቶ ወደ ጎሬው ይመለስና እዚያ ይሞታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ኩሱንና ሬሳውን በልተው ይከተሉታል። ጢስ የለው፣ ድምፅ የለው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ያላመንኩት።

ሕንፃው ግን የጋራ ነው። የኛ ቤት ብቻ ቢጸዳ ከጎረቤት ይመለሳል። ስለዚህ ታች ወርጄ በሩን አንኳኳሁ። «ለጉንዳን አልነበረም» አልኳት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሲንኳን ከፍታ የራሷን አሳየችኝ። አብረን ቢሮው ሄድን። ሌሎች ሦስት ቤቶችም ተመዝግበው ኖሯል፤ ከመካከላቸው አንዱ ዘወትር በደረጃው ላይ «ሰላም ናችሁ?» የምንባባል ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ነበር። ባለሙያ መጥቶ አምስቱንም ቤት በጄል ሠራ፤ ከወር በኋላም ተመልሶ መጣ። ክረምቱ ሳይወጣ መብራት በድንገት ማብራቴን ተውኩ።

እናቴ ከመመለሷ በፊት ለሕፃኑ ክርስትና ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ጨሰ፣ ያ ቤተሰብም መጣ። ሴትየዋ የእናቴን ሲኒ ስትቀበል «እማማ፣ እኛ እኮ ስድስት ወር ሙሉ እንግዳ ሳንጠራ ኖርን» አለቻት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች እናቴ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ወሬ ተጀመረ።

ለወዳጄ የመለስኩለት እንግዲህ ይህንን ነው። ስንት ይበቃል ላለኝ፣ አንድም አያስፈልግህም አልኩት። ገዝተኸው ከሆነ መልሰው፤ ጄል ግዛ፣ ቧንቧህን አሠራ፣ ጎረቤትህን አንኳኳ፣ ለቢሮው በጽሑፍ አስታውቅ። ትንሽ ዝም ብሎ «ለጎረቤት ደግሞ ምን ብዬ?» አለኝ። ከሁሉ የከበደችው እሷ መሆኗን አውቃለሁ። «እኔ መጥቼ አብሬህ አንኳኳለሁ» አልኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን።