ድንኳን ያልተጣለላት ሕፃን

ይህን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በቤታችሁ ሆናችሁ ተደብቃችሁ ለምታለቅሱ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ዛሬ ልጨርሰው ተነሣሁ።

ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ መርሳ የምትባል ሞቃት ከተማ አለች። መንገደኛ የሚያውቃት በፍራፍሬዋ ነው። እኔ ግን የማውቃት ወላጅ ያጡ ሕፃናት በሚያድጉበት ቤት የሌሊት ተንከባካቢ ሆኜ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አካባቢያችን በጦርነት ውስጥ አልፏል። ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት አንዲት የስምንት ወር ሕፃን በነጠላ ተጠቅልላ መጣችልን። እናቷ አርፋለች። ክብደቷ አራት ኪሎ አልሞላም። ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትም።

የተራበ ሕፃን ሲያዩ ልብ የሚመኘው እስኪጠግብ ማብላት ነው። ነርሷ ግን በመጀመሪያው ቀን ከለከለችኝ። በረሃብ የተጎዳ አካል ብዙ ምግብ በአንዴ ቢሰጠው ልቡ አይችለውም። ስለዚህ በቅድሚያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ የያዘ። በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ሌሊትም ሳይቋረጥ ይሰጣል። ጠንከር ያለው ወተት የሚመጣው ሰውነቱ ከተረጋጋ በኋላ ነው። ሙቀትም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ደረቴ ላይ፣ ቆዳዋን ከቆዳዬ አስጠግቼ እይዛታለሁ።

በየማንኪያው መካከል እጸልይ ነበር። ጾሜያለሁ። እንደምትድን አምኜ ለእኅቶችም ተናግሬያለሁ። በ11ኛው ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ደረቴ ላይ እንዳለች ትንፋሿ ቆመ።

ከቀብር መልስ አንድ ወንድም ሊያጽናናኝ መጣ። «እግዚአብሔር ለበጎ ነው ያደረገው፤ አማኝ እንዲህ አያለቅስም» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ቅዱሴን መክፈት አቃተኝ። በጉባኤ ሲዘመር አፌ ይንቀሳቀሳል፤ ልቤ ግን «አንተ እያየህ ነበር» እያለ ጌታን ይከስሳል።

አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት ሙስሊም እናት አሉ፤ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ለወላጅ አልባ ሕፃን ድንኳን እንደማይጣል፣ ዕድርም እንደማይሰበሰብ ያውቃሉ። በሦስተኛው ቀን ምንጣፍ አንጥፈው ቡና አቀራረቡና ጠሩኝ። «ነይ ልጄ፣ አብሽሪ። ሰው የላትም አትባልም፤ ለቅሶዋን እኛ እንቀመጥ» አሉኝ። ከአቦል እስከ በረካ ተቀመጥን። እርሳቸው ምንም አላስተማሩኝም። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አብረውኝ አለቀሱ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመስኩ።

ማታ መጽሐፌን ገለጥኩ። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ኤልያስ ሞቱን ለምኖ ከዛፍ ሥር ተኝቷል። የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልሰበከለትም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ አስተኛው፣ ቀስቅሶም ደግሞ አበላው። እግዚአብሔር በለሰለሰ ድምፅ ያነጋገረው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። አነበብኩና የነርሷ ትምህርት ትዝ አለኝ። ለካ የተራበች ነፍስም እንዲሁ ናት! ያ ወንድም የነገረኝ እውነት የጠናበት ሆኖብኝ ነው፤ ለደከመ ልብ በአንዴ ተሰጠ። እትዬ ግን ሳያውቁት የመልአኩን ሥራ ሠሩልኝ። ዮሐንስ 11 ላይም ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣ እያወቀ፣ አስቀድሞ አለቀሰ። ትንሣኤን የሚያውቀው እርሱ ካለቀሰ፣ የእኔ እንባ ክህደት አይደለም።

በወሎ ምድር ከእኛ በፊትም እንዲህ ያለ ሐዘን ታይቷል። ወደ ግሸን ማርያም የተጓዙት አበበች ጎበና በረሃብ ከረገፈው ሕዝብ መካከል የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። ይዘዋት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስም ለብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆኑ። እኔ የማስበው ግን በዚያ መንገድ ላይ አይተዋቸው ሊያነሷቸው ያልቻሉትን ነው። እነዚያን ተሸክሞ ለቀጣዩ ልጅ ክንድን መዘርጋት፣ እምነት ማለት ይህ ይመስለኛል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ ሕፃን መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ልቀበለው ፈራሁ። ስሙን እንኳ ላለመጠየቅ ፈለግሁ። ከዚያም ማንኪያውን አነሣሁና ጸለይኩ፤ እንደ በፊቱ በትልቅ ቃል ሳይሆን፣ «ጌታ ሆይ፣ እስከሚቀጥለው ማንኪያ ድረስ አብረኸኝ ሁን» ብዬ። ያቺ ሕፃን ለምን እንደሄደች እስካሁን አልተነገረኝም። ማንኪያውን ስይዝ ግን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ወገኔ ሆይ፣ ሐዘን ላይ ከሆንክ ዛሬ የምትችለውን ያህል ብቻ ቅመስ፤ ጌታ አይቸኩልብህም። የሐዘንተኛ ጎረቤት ከሆንክ ደግሞ ከቃል በፊት ቡና ይዘህ ሂድ።

አባት ሆይ፣ ማንም ያላለቀሰላቸውን ሕፃናት አንተ ታውቃቸዋለህ። የደከሙትን እጆች ደግፍ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።