ከመቃብሩ በኋላ የመጣው ፊልም

በ2001 ዓ.ም. ክረምት፣ መብራት በፈረቃ በሚመጣበት በዚያ ጊዜ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ «ፕሪዝን ብሬክ» የተሰኘውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት እየተከራየን እንመለከት ነበር። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሊንከን በሮውስ ባልፈጸመው ግድያ ሞት ተፈርዶበታል፤ ታናሽ ወንድሙ፣ መሐንዲሱ ማይክል ስኮፊልድ፣ የወህኒ ቤቱን ንድፍ በገላው ላይ ተነቅሶ፣ ሆን ብሎ ባንክ ዘርፎ፣ ወንድሙ ካለበት ወህኒ ይገባል።

ፊልሙን ያስወደደን ትዕግሥቱ ነበር። ከአግዳሚ መቀመጫ ላይ አንዲት ብሎን ለመንቀል አንድ ሙሉ ክፍል ያህል ይፈጅ ነበር፤ እኛም ብሎኗን አብረነው የነቀልናት ያህል እጃችንን ይደክመን ነበር።

ሌላም ነገር ነበረው። ማይክል በወጣትነቱ የተረከበው 90,000 ዶላር የሟች እናቱ የሕይወት መድን ገንዘብ መስሎት ኖሮ፣ በኋላ ሊንከን ተበድሮ የሰጠው መሆኑን ይሰማል። ሊንከንን ለወጥመዱ የዳረገውም ያው ዕዳ ነው። ይህን ያየን ሌሊት ወንድሜ «በል አጥፋውና እንተኛ» ከማለት በቀር አንዳች አልተናገረም።

ከ79 ክፍሎች በኋላ ታሪኩ በማይክል መቃብር ላይ ተዘጋ። እንዴት እንደሞተ አልተነገረንም፤ ከአፍንጫው ደም ሲፈስ ብቻ አይተናል። እኔ «ሕመሙ ነው የገደለው» አልኩ። ወንድሜ ግን «እሱ በሕመም አይሞትም፤ ለሰው ብሎ ነው የሚሞተው» ብሎ ድርቅ አለ።

በዚያው ዓመት (እ.ኤ.አ. በ2009) ይህንኑ ሊያስረዳ «ዘ ፋይናል ብሬክ» የተባለው ፊልም ወጣ። ዲስኩ እጄ ሲገባ ወንድሜ ዱባይ ነበር፤ ብቻዬን ተመለከትኩት። የማይክል ሚስት ሳራ ማያሚ ትታሰራለች፤ ለገደላትም 100,000 ዶላር ይመደባል፤ ማይክል ያስመልጣታል፤ በመጨረሻም በሩ እንዲከፈት የኤሌክትሪክ ገመዶች በእጁ አገናኝቶ ይሞታል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ! ለአንዲት ብሎን ያን ያህል ይታገሥ የነበረ ታሪክ፣ ለጀግናው ሞት ጊዜ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በዘጠኝ አዳዲስ ክፍሎች ማይክል የመን ውስጥ በሕይወት ተገኘና ያም ሞት ተሰረዘ።

ወንድሜ ግን ልክ ነበር። ስልክ ሲደውል ነገርኩት። «አላልኩህም?» ብሎ ሳቀ። «ፊልሙስ እንዴት ነው?» አለኝ። «ባታየው ይሻልሃል» አልኩት።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም። እርሱ ከሄደ በኋላ አንድ ሰው ደጃችንን አንኳኩቶ ነበር። ወንድሜ «ዕቁብ ደረሰኝ» ብሎ የከፈለልኝ የኮሌጅ ክፍያ ከዚያ ሰው በአራጣ የተበደረው ኖሯል። ዱባይም የሄደው ለዚሁ ነው።

ማይክል ስለ ዕዳው እውነቱን ባወቀ ጊዜ ባንክ ዘረፈ፤ እኔ ባንክ ተቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውልና ማታ ወንድሜ ሲደውል ስለ አየሩ እንጫወታለን። ያ ፊልም ሳይነገር መቅረት የነበረበትን ተናግሯል ብዬ አማርራለሁ፤ እኔ ደግሞ መናገር ያለብኝን ይኸው እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።