ለኬሞ ቀን የክት ልብስ አያሻም

እኛ ዘንድ ሐኪም ቤት ሲኬድ የክት ልብስ ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ለጡት ካንሰር ኬሞ ስወስድ የገባኝ ግን የዚያን ቀን ልብስ የሚመረጠው ለመርፌውና ለሽንት ቤቱ መሆኑ ነው።

እጅጌ፦ ካኑላው ብዙ ጊዜ የሚገባው የእጅ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ነው። ከውስጥ ስስ ካናቴራ፣ ከላይ በዚፕ የሚከፈት ሹራብ ይበቃል። በአንገት የሚጠለቅ ሹራብ ጉልኮሱ ከተሰካ በኋላ አይወልቅም፤ ሞቀኝ ብሎ ነገር የለም። ከአንገት አጥንታቸው ሥር መድኃኒት መቀበያ ፖርት የተቀበረላቸው ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ቢለብሱ እነሱም ሲስተሯም ያርፋሉ። እኔ ንፍፊት ከብብቴ በወጣበት በኩል የሚያጠብቅ እጅጌ አላደርግም፤ ክንዱ ሊያብጥ ይችላልና።

ሱሪ፦ ማንም ትዝ አይለውም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ፈሳሹ ለሰዓታት ሲገባ ስለሚውል ሽንት ያመላልሳል። አንድ እጅ የጉልኮሱን ማቆሚያ ይገፋል፤ በቀረው እጅ ቀበቶ መፍታት፣ ረጅም ቀሚስ ከእርጥብ ወለል መሰብሰብ ጭንቅ ነው። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ቱታ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል። ሕመምተኞች «ቀዩ» የምንለው ዶክሶሩቢሲን ሽንትን ለአንድ ለሁለት ቀን ያቀላል፤ ደም መስሎት የሚደነግጥ ብዙ ነው። የውስጥ ልብሱ እንግዲህ ጠቆር ያለ ይሁን። ፓክሊታክስል የሚባለው መድኃኒት ላይ ሲደረስ ደግሞ ጣት ሊደነዝዝ ይችላል፤ ያኔ ትንንሽ ቁልፍ ያለው ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆይ።

ጋቢ፦ በሐምሌ ብርድ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ጋቢን የሚተካ የለም። ጣጣው ሽታው ነው። አንድ ቀን እህቴ ቁሌት ስታቁላላ የዋለችበትን ጋቢ ደርባ መጣች። አጠገቤ የነበሩት እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው «ልጄ፣ በእመቤቴ፣ ይቺን ጋቢ ወዲያ አርጊልኝ» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ እንጂ ሆዴ ተገላብጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኬሞው ጋቢ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በፌስታል ታስሮ ለብቻው ይቀመጣል። አስታማሚም ሽቶ አይቀባ፣ ዕጣን የታጠነ ልብስ አይልበስ።

ሻሽ፦ በእኔ ዓይነት ሕክምና ፀጉር ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ መርገፍ ይጀምራል፤ የራስ ቆዳም ይቆጣል። ሐር መሳዩ ሻሽ መላጣ ላይ ይንሸራተታል፣ የጥጡ ግን ይይዛል። ዊግ ለሠርግ ይሁን።

ለአንጀት ካንሰር ኦክሳሊፕላቲን የሚወስዱ ሰዎች ጓንትና የአንገት ልብስ አይለያቸው፤ በዚያ መድኃኒት ብርድ ጣትንም ጉሮሮንም ይወጋል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ልብስ አይገዛም፤ ሰልባጅ በደንብ ታጥቦ ይበቃል። ከኬሞው በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ትውከት ወይም ሽንት የነካው ልብስ ግን ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይቀላቀል፤ ለብቻው ይታጠብ፣ የሚያጥበውም ሰው ጓንት ያድርግ።