የመንገዱ እኩሌታ

የውጭ አገር ቋንቋ ለመማር የተነሣ ሰው ሦስት ዘመናትን ያልፋል። የመጀመሪያው የጀማሪነት ዘመን ነው። ጀማሪ «እንደምን አደሩ» ማለት ሲችል ይጨበጨብለታል፤ ዳቦ ጠይቆ ገዝቶ ሲመለስ ትልቅ ጀብዱ የፈጸመ ያህል ይደሰታል። የመጨረሻው የባለሙያነት ዘመን ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ቋንቋውን እንደ ገዛ ልብሱ ለብሶት ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ተማሪ ግን ማንም አያጨበጭብለትም፤ ራሱም አይረካም። ወንዝ ሲሻገር መሐል ላይ የደረሰ መንገደኛን ይመስላል። የተነሣበት ዳር ርቆታል፤ የሚሄድበት ዳር አልቀረበውም፤ ውሃው የሚበረታው ግን እዚያው መሐሉ ላይ ነው። ብዙ ሰዎች የጀመሩትን ቋንቋ የሚተዉት በዚህ ስፍራ ነውና፣ እኔ በጀርመንኛ ትምህርቴ ያን መሐል ስሻገር ያየሁትን ለእናንተ ለተማሪዎች ልተርክላችሁ እወዳለሁ።

የመምህርነትን ሙያ በከፍተኛ ደረጃ እንዳጠና ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ወደ ላይፕዚግ ከተማ የሄድሁት በ1974 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ ጀርመን በሁለት መንግሥታት ተከፍላ ነበር፤ ላይፕዚግም የምትገኘው በምሥራቁ ክፍል ነበር። ሁለቱ ተዋሕደው አንድ አገር የሆኑት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ነው። ስለ አውሮፓ ታሪክ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ በ1409 የተመሠረተ ነው። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ዜባስትያን ባኽ ከ1723 አንሥቶ በ1750 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የኖረውና የሠራው በዚህች ከተማ ነው። ባለቅኔው ጎተ በ1765 ሕግ ሊያጠና ወደዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ዕድሜው ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ነበር፤ ይኸውም የብዙዎቻችሁ ዕድሜ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በጀማሪነት ካሳለፍን በኋላ ወደ መካከለኛው ደረጃ ተዛወርን። በክፍላችን ውስጥ ከቬትናም፣ ከኩባ፣ ከየመንና ከሞዛምቢክ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። በሳምንቱ አብዛኞቹ ቀናት ሰዋስው፣ ንባብና ድርሰት እንማራለን፤ በቀሩት ደግሞ ስለ አገሩ ታሪክና ባህል ይነገረናል። በዓመቱ መጨረሻ የቋንቋ ፈተና ይጠብቀናል። ያንን ፈተና ያላለፈ ሰው ወደ ሙያው ትምህርት ሊገባ አይችልም ነበርና፣ እያንዳንዱ ትምህርት ለእኛ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ከእኛ ቀድሞ የመጣ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በዚያን ሰሞን እንዲህ ሲል መከረኝ፦ «ስማኝ ወንድሜ፤ ጀርመንኛ የምትችለው አማርኛህን ስትረሳ ነው። ክፍል ስትገባ ደጃፉ ላይ ጥለኸው ግባ።» ምክሩ ከቅን ልብ የመነጨ ነበር። እውነት መሆን አለመሆኑን ግን ለማረጋገጥ አንድ ዓመት ሙሉ ፈጀብኝ።

በአንድ በኩል ስመለከተው ምክሩ ትክክል ነበር። በጀርመንኛ «ሃልብ አኽት» ማለት ቃል በቃል ሲፈታ «ግማሽ ስምንት» ነው። ይህን የሰማ የእኛ አገር ሰው ስምንት ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። ጀርመኖች ግን የሚሉት ስምንተኛው ሰዓት እኩሌታው ደርሷል ነውና ትርጉሙ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ያውም በእነርሱ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት ከሆነ በእኛ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። እንደዚሁም በዩኒቨርሲቲው ሌክቸር ሲያልቅ ተማሪዎች ጠረጴዛቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ያንኳኳሉ። በእኛ ዘንድ በመምህር ፊት ጠረጴዛ መምታት የንቀት ምልክት ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን የምስጋና ጭብጨባ ነው። የማታ ምግባቸውንም «አቤንትብሮት» ይሉታል፤ «የምሽት ዳቦ» ማለት ነው። ስሙ እንደሚናገረው ብዙውን ጊዜ ትኩስ ወጥ የለበትም፤ ዳቦ፣ ቅቤ፣ አይብና ቋሊማ ይቀርባል፤ እያንዳንዱም ሰው ለራሱ ቆርሶና ቀብቶ ይበላል። ከአንድ መሶብ ዙሪያ ያደገ እንግዳ ይህን ሲያይ ቤተ ሰቡ የተኳረፈ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በዚያ ማዕድ ዙሪያ የሚደረገው ጨዋታ ከእኛው ጨዋታ አያንስም። በእነዚህ ነገሮች ሁሉ የአገርን ልማድ መለኪያ አድርጎ የሰውን አገር መለካት ያሳስታል።

በሌላ በኩል ግን ወደ ሰዋስው ስገባ የነገሩ መልክ ተለወጠ። በጀርመንኛ ዋና ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግሥ የሚቀመጠው በሁለተኛው ስፍራ ነው። «ዴር ሌሬር ኮምት ሆይተ» ሲሉ «መምህሩ ይመጣል ዛሬ» እንደ ማለት ነው። ያ ዐረፍተ ነገር የሌላ ጥገኛ ሲሆን ግን ግሡ ከስፍራው ተነሥቶ ወደ መጨረሻው ይሄዳል። «ኢሽ ቫይስ፣ ዳስ ዴር ሌሬር ሆይተ ኮምት» ይላሉ፤ «መምህሩ ዛሬ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ» ማለት ነው። በጥገኛው ሐረግ ውስጥ መምህሩ ይቀድማል፤ ዛሬ ይከተላል፤ መምጣት መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ልክ እንደ አማርኛው ነው። በኩባዎቹና በቬትናሞቹ ቋንቋ ግሥ ከባለቤቱ ቀጥሎ ስለሚመጣ፣ ጓደኞቻችን ረዥም የጀርመንኛ ዐረፍተ ነገር ሲያነቡ ግሡን መጠበቅ ያስጨንቃቸው ነበር። እኛ ግን ከእናታችን አፍ የለመድነው ጆሯችንን አቅንተን የመጨረሻውን ቃል መጠበቅ ነው።

ከዚያም በንባብ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ ረዥም ሐረግ በሰሌዳው ላይ ጻፉ። «ዴር ጌስተርን አውስ ድሬስደን አንጌኮመነ ሽቱደንት» የሚል ነበር። «ይህ ዐይነቱ አገላለጥ በጋዜጣና በሳይንስ መጻሕፍት ይበዛል፤ ለውጭ አገር ተማሪም እጅግ ከባድ ነው» አሉን። እኔ ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ስፈታቸው፦ ትናንት፣ ከድሬስደን፣ የመጣው፣ ተማሪ ሆነው አገኘኋቸው። አንድም ቃል ስፍራውን ሳይለቅ «ትናንት ከድሬስደን የመጣው ተማሪ» የሚል ጥርት ያለ አማርኛ ወጣ። ለሌላው ዳገት የሆነው ለእኔ ሜዳ ሆነልኝ። ደጃፍ ላይ ጣለው የተባልሁት አማርኛ ከውስጥ ሆኖ በሩን ከፈተልኝ።

ከሁሉ የበለጠ ያስደነቀኝ ግን የአክብሮት አነጋገር ነው። ጀርመኖች ለወዳጅና ለልጅ «ዱ»፣ ለማያውቁትና ለሚያከብሩት ሰው «ዚ» ይላሉ፤ እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» መሆኑ ነው። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ለመሻገርም ፈቃዱን የሚሰጠው በዕድሜ ወይም በማዕርግ የሚበልጠው ሰው ነው። አንድ ቀን መምህራችን እያንዳንዱ ተማሪ አክብሮት በገዛ ቋንቋው እንዴት እንደሚገለጥ በጀርመንኛ እንዲያስረዳ አዘዙን። ቬትናማዊቷ ጓደኛችን በእነርሱ ቋንቋ ሰዎች «እኔ» እና «አንተ» በማለት ፈንታ እንደ ዕድሜያቸው «ወንድም»፣ «እኅት»፣ «አክስት» እየተባባሉ እንደሚነጋገሩ ገለጠችልን።

የእኔ ተራ ሲደርስ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። አንደኛው «እነርሱ ነገ ይመጣሉ»፣ ሁለተኛው «እርስዎ ነገ ይመጣሉ» የሚሉ ነበሩ። ከእነርሱም ሥር «ዚ ኮመን ሞርገን» ብዬ በጀርመንኛ አሰፈርሁ። ይህ የጀርመንኛ ዐረፍተ ነገር ሁለቱንም ትርጉሞች ይይዛል፤ ልዩነቱ በጽሕፈት ጊዜ የአክብሮቱ «ዚ» በዐረፍተ ነገር መካከል ሲገባም በትልቅ ፊደል መጀመሩ ብቻ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች አንድን ሰው ስናከብር ግሡን እንደ ብዙዎች አድርገን እናረባዋለን ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፤ የሰው ልጅ አእምሮ ግን በተራራቁ አገሮች አንድ ዐይነት መንገድ ሊጠርግ ይችላል። ገለጻዬን ስፈጽም ክፍሉ ጠረጴዛውን አንኳኳ። መምህራችንም አማርኛ ያንን ሥርዓት በግሥ ብቻ ነው ወይስ በስምም ያሳያል ብለው ጠየቁኝ። ማታውን ማደሪያዬ ተቀምጬ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስፈልግ፣ የአማርኛን ሰዋስው ከዚያ በፊት ባልመረመርሁት ትጋት መመርመር ጀመርሁ።

በባህሉም ትምህርት ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነበር። ያለፈ ጊዜ ግሥን የለማመድነው በግሪም ወንድማማቾች ተረቶች ነው። ያኮብና ቪልሄልም ግሪም በሕዝቡ አፍ ይነገሩ የነበሩትን ተረቶች ሰብስበው የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1812 አሳተሙ። እነዚሁ ወንድማማቾች ታላቅ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀምረው የመጀመሪያው ቅጽ በ1854 ወጣ። ቪልሄልም በ1859 ሞተ፤ ያኮብም በ1863 ሲሞት ከፊደላቱ ስድስተኛውን «ኤፍ»ን እንኳ አልጨረሰም ነበር። ሥራውን ሌሎች ምሁራን ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበሉ በ1961 ፈጸሙት። በመካከለኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ቃላት አልያዝልህ ላለው ተማሪ ከዚህ የበለጠ ማጽናኛ የለም። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ቃሎቻቸውን መዝግበው ለመጨረስ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል። የእኛም አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት ከላይፕዚግ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ ጎታ ከተማ በባቡር ሄድን። በከተማዋ ፍሪደንሽታይን የሚባል ትልቅ ቤተ መንግሥት አለ። በ1652 የዚያ አገር መስፍን ኤርንስት አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከሮም አስመጥቶ ነበር። እኒህ ሰው ከአማራ አገር ከመካነ ሥላሴ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ያስጠራቸውም ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር፤ በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ከተገናኘ በኋላ ግን ዕውቀቱን ያሰፋው እርሳቸውን እየጠየቀ ነው። ጀርመናዊው ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው ይመልሳል። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ከእርሳቸው የሰማውን ሳይረሳ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 በላቲን ቋንቋ አሳተመ። በማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይህ ነው።

በዚያ ቤተ መንግሥት አደባባይ ቆሜ ያሰብሁት አንድ ነገር ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋቸውን ደጃፍ ላይ ጥለው ገብተው ቢሆን ኖሮ ሉዶልፍ ምን ይጠይቃቸው ነበር? ባዶ እጁን የሄደ እንግዳ ተቀባይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የራሱን ይዞ የሄደ ግን ይሰጣልም ይቀበላልም።

የዓመቱ መጨረሻ ደረሰ፤ ፈተናውም መጣ። ለንባብ የቀረበልን ጽሑፍ ከጋዜጣ የተወሰደ ሲሆን፣ ዐረፍተ ነገሮቹ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ነበሩ። እኔም የእያንዳንዱን ጥገኛ ሐረግ ግሥ ከመጨረሻው እየያዝሁ ወደ ኋላ ፈታሁት። ፈተናውን አልፌ ወደ ሙያዬ ትምህርት ገባሁ። አገሬ ተመልሼም ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት ጀርመንኛን ሳይሆን አማርኛን ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚል ተረት አለን። ለጌጥ ከሆነ እውነት ነው፤ የተዋሱት ጌጥ ነገ ይመለሳል። በድካም የተማሩት ቋንቋ ግን ውሰት አይደለም፤ ለባለቤቱ ሳይጎድልበት ለተማሪው ይተርፈዋል። ከዚህም በላይ በእጅ ያለውን ወርቅ ማያ መስተዋት ይሆናል። እንግዲህ እናንተም ዛሬ ባለቤትና ተሳቢ፣ ዋና ሐረግና ጥገኛ ሐረግ እየተባለ የሚሰጣችሁን ትምህርት ለፈተና ብቻ አትያዙት። ነገ እንግሊዝኛን፣ ዐረብኛን፣ ጀርመንኛን ወይም ሌላውን ያገራችንን ቋንቋ ስትማሩና መሐሉ ላይ ስትደክሙ፣ የምትደገፉበት ምርኩዝ ይህ ነው።

መልመጃ

1. ጸሐፊው የተሰጠውን ምክር በየትኛው ረገድ ትክክል፣ በየትኛው ረገድ ስሕተት ሆኖ አገኘው? ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ።
2. «ትናንት ከድሬስደን የመጣው ተማሪ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ተማሪውን የሚገልጡት ቃላት የትኞቹ ናቸው? በዚሁ መልክ ሦስት ሐረጎች ሥሩ።
3. «እነርሱ ይመጣሉ» እና «እርስዎ ይመጣሉ» የሚሉትን ዐረፍተ ነገሮች በማነጻጸር የአክብሮት አነጋገር በግሥ እርባታ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ግለጡ።
4. ከምታውቋቸው ሁለት ቋንቋዎች የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን አንድ አንድ ነጥብ መርጣችሁ የአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።